ጁፒተር በምን ሚዛን ተመዘነ?

በየሳይንስ መጽሐፉ ውስጥ የፕላኔቶች ሰንጠረዥ አለ። ስፋት፣ ክብደት፣ ሙቀት፣ የቀን ርዝመት። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ይረሳዋል። ይሄ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም እነዚያ ቁጥሮች ዝም ብለው የተደረደሩ አይደሉም። እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ሁለት ሦስቱን በደንብ የያዘ ሰው ሌሎቹን ጎትቶ ያወጣቸዋል።

የእህቴ ልጅ እዚህ ደሴ ነው የሚማረው። አንድ ማታ ሰንጠረዡን ሲያጠና ቆየና ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጁፒተር የምድርን 318 እጥፍ ይመዝናል ይላል። ማን ሄዶ መዘነው?» አለኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ደስ ይለኛል። ማንም አልሄደም። መሄድም አያስፈልግም።

ስፋቱ ቀላል ነው። ፕላኔቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ከታወቀ፣ በቴሌስኮፕ ሲታይ ምን ያህል ሰፍቶ እንደሚታይ ተለክቶ እውነተኛ ስፋቱ ይሰላል። የጁፒተር ዲያሜትር በአማካይ 140,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር 12,742 ነው። አሥራ አንድ ምድር ጎን ለጎን ቢደረደር ጁፒተርን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። በይዘት ከሆነ ደግሞ ጁፒተር ከ1,300 በላይ ምድሮችን ይውጣል።

ክብደቱ ግን በዓይን አይታይም። እዚህ ላይ ነው ጨረቃዎቹ የሚያስፈልጉን። እ.ኤ.አ. በ1610 መጀመሪያ ላይ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ በሠራት ትንሽ ቴሌስኮፕ ጁፒተርን ሲመለከት አራት ነጠብጣቦች አየ። በየቀኑ ቦታ ይቀያይራሉ። ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች ነበሩ። ዛሬ ደህና ባይኖኩላር ያለው ሰው ጦሳ ተራራ ሥር ቆሞ ሊያያቸው ይችላል። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ክንድን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ነው። ከጁፒተር ግራና ቀኝ በአንድ መስመር የተሰለፉ ጥቃቅን ብርሃኖች ይታያሉ። በማግስቱ ስታዩ ሰልፉ ተለውጧል።

ከአራቱ ለጁፒተር በጣም የምትቀርበው አዮ ትባላለች። ከጁፒተር መሃል 421,700 ኪሎ ሜትር ርቃ ትዞራለች። የእኛ ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ርቀታቸው ተቀራራቢ ነው፤ እንዲያውም አዮ ትንሽ ትርቃለች። ጊዜያቸውን ግን እዩ። ጨረቃችን ምድርን አንዴ ዞራ ለመጨረስ 27.3 ቀን ይፈጅባታል። አዮ በ1.77 ቀን ትጨርሳለች። እንዲህ እየከነፈች ያላመለጠችው የያዛት ስበት ብርቱ ስለሆነ ነው። የስበቱ ብርታት ደግሞ ከጁፒተር ክብደት ነው የሚመጣው።

ሒሳቡን ልጁ በስልኩ ካልኩሌተር ራሱ ሠራው። እናንተም ሞክሩት። 27.3ን ለ1.77 ስታካፍሉ 15.42 ይመጣል። ይህን በራሱ ስታባዙት 238 ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የርቀቱን ልዩነት እናስገባ። 421,700ን ለ384,400 አካፍሉና ያገኛችሁትን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፋችሁ እርስ በርስ አባዙት። 1.32 ነው። 238 በ1.32 ሲባዛ 314 ይመጣል። መጽሐፉ የሚለው 318 ነው። የቀረችው አራት ከየት መጣች? ምድርና ጨረቃ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ሒሳቡ ጁፒተርን ያወዳደረው ከሁለቱ ድምር ጋር ነው። ጨረቃ የምድርን አንድ ሰማንያ አንደኛ ያህል ትመዝናለች። ያቺን አስተካክለን ከምድር ጋር ብቻ ስናወዳድረው 318 ላይ ያርፋል።

ከደሴ ሳይነሱ፣ በአራት ቁጥር፣ ጁፒተር ተመዘነ። ልጁ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሠራው። ጊዜውን ሁለት ጊዜ፣ ርቀቱን ሦስት ጊዜ የማባዛቱን ደንብ ያወጡት የሳይንስ ሊቃውንቱ ኬፕለርና ኒውተን ናቸው። ጨረቃ ያለው ፕላኔት ሁሉ በዚህ መንገድ ይመዘናል። ሜርኩሪና ቬነስ ጨረቃ ስለሌላቸው አስቸጋሪ ነበሩ። ለእነሱ መንኮራኩር ልኮ፣ በአጠገባቸው ሲያልፍ መንገዱን ምን ያህል እንዳጠፉበት መለካት ነው። ማሪነር 10 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1974 በሁለቱም አጠገብ አልፋለች።

ስፋትና ክብደት ከተገኘ ከሁሉ የምወደውን ቁጥር ማግኘት ይቻላል። እፍግታ ይባላል። ክብደቱን ለይዘቱ ማካፈል ብቻ ነው። የውሃ እፍግታ 1 ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የአንድን ነገር እፍግታ ካወቃችሁ ሳትከፍቱት ውስጡን መገመት ትጀምራላችሁ።

ይህን ከልጁ ጋር በድንጋይ ሞክረነዋል። ደሴ ላይ ቤት ሲሠራ ለመሠረት የሚገባውን ጥቁር ድንጋይ ታውቁታላችሁ። ባዛልት ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ የተሠራ ነው። የወሎ ተራራ አብዛኛው ከዚሁ ነው። ቡጢ የሚያክል ቁራጭ ወስደን ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 1 ኪሎ ከ160 ግራም። ቤት ወስደን እስከ አፉ ውሃ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀስ ብለን አስገባነው። ማሰሮው ሰፊ ትሪ ላይ ተቀምጧል። ትሪው ላይ የፈሰሰውን ውሃ ወደ መለኪያ ጆግ ገለበጥነው። 400 ሚሊ ሊትር ሞላ። 1,160ን ለ400 ስናካፍል 2.9። የባዛልት ነገር እንደዚህ ነው፤ ከ3 ትንሽ ያንሳል።

አሁን የምድርን እፍግታ አምጡ። 5.5 ነው። ሄንሪ ካቬንዲሽ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1798 ቤቱ ውስጥ የእርሳስ ድቡልቡሎች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ለክቶ ወደዚህ በጣም የቀረበ ቁጥር አግኝቷል። የረገጥነው ድንጋይ 3 አይሞላም። መላዋ ምድር 5.5 ናት። ስለዚህ ከእግራችን ሥር፣ በጥልቁ፣ ከድንጋይ በጣም የሚከብድ ነገር አለ ማለት ነው። ብረት ነው። የምድር እምብርት በአብዛኛው ብረት ነው፤ ትንሽ ኒኬልም አለበት። እስካሁን የሰው ልጅ የቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ከ12 ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው፣ እምብርቱ ግን የሚጀምረው 2,900 ኪሎ ሜትር ወርዶ ነው። ማንም ያላየውን ብረት መጀመሪያ የጠቆመን ማካፈል ነው። በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ አረጋገጠው።

ይህንን ይዛችሁ ሌሎቹን ፕላኔቶች እዩ። ቬነስ 5.2። ሜርኩሪ 5.4። ማርስ 3.9። ጁፒተር 1.3። ሳተርን 0.69፣ ከውሃም ያነሰ። ዩራነስ 1.3። ኔፕቱን 1.6። ሁለት ሰፈር ወዲያው ተለየ። ለፀሐይ የሚቀርቡት አራቱ ድንጋይና ብረት ናቸው። ራቅ ያሉት አራቱ ደግሞ ከቀላል ነገር የተሠሩ ናቸው። ጁፒተርና ሳተርን በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናቸው። ዩራነስና ኔፕቱን ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያና ሜቴን ይበዛል። ምክንያቱ ጥንት ነው። ፕላኔቶቹ ሲሠሩ በፀሐይ አጠገብ ያለው ሙቀት ውሃውን በረዶ እንዲሆን አልፈቀደለትም። ለመጠጠር የቻለው ድንጋይና ብረት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቂት ነበር። ራቅ ሲል በረዶም ይጠጥራል። ስለዚህ እዚያ ያሉት ቶሎ ገዝፈው የከበባቸውን ጋዝ ጠራርገው ወሰዱት።

ከአራቱ ድንጋያማዎች ሜርኩሪ ትገርመኛለች። ዲያሜትሯ 4,879 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ትንሿ ፕላኔት እሷ ናት። እፍግታዋ ግን ምድርን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ምድር ግዙፍ ስለሆነች የራሷ ክብደት ውስጧን ይጨምቀዋል፣ እፍግታዋም ከፍ የሚለው በከፊል በዚህ ነው። ሜርኩሪ ግን ያን ያህል የሚጨምቅ ክብደት የላትም። እንግዲያው 5.4 ልትሆን የቻለችው ሆዷ በአብዛኛው ብረት ስለሆነ ነው። የብረት እምብርቷ ከመሃል እስከ ላይ ካለው ርቀት 85 በመቶ ያህሉን ይይዛል።

ውጤቱን በአንድ ኩንታል ጤፍ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ላይ 100 ኪሎ የሚያነበው ሚዛን ማርስ ላይ ቢወሰድ 38 ያነባል። ሜርኩሪ ላይም 38። ማርስ በዲያሜትር 6,779 ኪሎ ሜትር ናት፣ በመጠነ ቁስም (እስካሁን ክብደት ስንለው በነበረው፣ በያዘችው የቁስ ብዛት) የሜርኩሪን እጥፍ ገደማ ናት። ታዲያ ስበታቸው ለምን እኩል ሆነ? ገጽ ላይ የሚሰማን ስበት የሚወሰነው በመጠነ ቁሱ ብቻ አይደለም። ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቅን ጭምር ነው። ሜርኩሪ ትንሽ ስለሆነች ገጿ ላይ የቆመ ሰው ለመሃሏ ይቀርባል። ትንሽነቷና እምቅነቷ ተጋግዘው ማርስ ላይ ደረሱባት።

ሳተርን ደግሞ በተቃራኒው ነው። የምድርን 95 እጥፍ ይመዝናል። ጤፉ ግን እዚያ 106 ኪሎ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ዳመናው ላይ ሚዛን ማስቀመጫ ቢገኝ። ያን ሁሉ ክብደት በሰፊ ይዘት ላይ ስለበተነው ነው። ጁፒተር ላይ 253፣ ቬነስ ላይ 90፣ ጨረቃችን ላይ 17 ገደማ። «ትልቅ ፕላኔት ማለት ሰው የሚጨፈለቅበት ነው» የሚለው ወሬ እንግዲህ ሁልጊዜ አይሠራም።

ስበት ቅርጽንም ይወስናል። አንድ አካል ትልቅ ሲሆን የራሱ ስበት ጎባጣውን ሁሉ ወደ መሃል እየሳበ ድቡልቡል ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕላኔት ምን እንደሆነ ሲደነግግ ከሦስቱ መስፈርቶች አንዱ ይኸው ድቡልቡልነት ነበር። ሁለቱ ፀሐይን መዞርና መንገዱን ከሌሎች አካላት ማጽዳት ናቸው። ፕሉቶ የወደቀችው በመጨረሻው ነው። ስበቱ ደከም ሲል ደግሞ ተራራ እንደልቡ ያድጋል። ማርስ ላይ ያለው ኦሊምፐስ ሞንስ የተባለ እሳተ ገሞራ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ኤቨረስት 9 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ወደ አየሩ እንምጣ። ለዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ የተሻለ መማሪያ የለም። ደሴ ላይ ጠጥታችሁ የጨረሳችሁትን ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ አስቀምጡትና የሐረጎን ጠመዝማዛ ውረዱ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልነካውም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለች። ዝቅ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን አየር ይበዛል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃም ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ላይ 94። ባቄላና ሽምብራ ደሴ ላይ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው።

ማርስ ላይ ያለው ግፊት የእኛ ባሕር ዳርቻ አንድ በመቶ እንኳን አይሆንም፤ 0.6 በመቶ ገደማ ነው። እዚያ ውሃ ብታፈሱ ወይ ይበርዳል ወይ ይተናል። ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም። የጥንት ወንዞች መሄጃ ግን ገጿ ላይ ይታያል። ስለዚህ ድሮ ወፍራም አየር ነበራት። የት ሄደ?

አየር ማለት ወዲያ ወዲህ የሚሯሯጡ ቅንጣቶች ናቸው። ሲሞቁ ይፈጥናሉ። ከምድር ለማምለጥ በሴኮንድ 11.2 ኪሎ ሜትር መፍጠን ያስፈልጋል። ከማርስ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከጨረቃ 2.4። ከጁፒተር 60 ገደማ። ጨረቃችን አየር አልባ የሆነችው፣ ጁፒተር ደግሞ ቀላሉን ሃይድሮጅን እንኳን ጠፍሮ የያዘው በዚህ ነው። ማርስ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የምድር እምብርት ውጫዊ ክፍል ቀልጦ የሚናጥ ብረት ስለሆነ መላዋን የሚሸፍን ማግኔታዊ መስክ ይሰጣታል። ማርስ እንዲህ ዓይነት መስክ ነበራት፣ ከቢሊዮን ዓመታት በፊት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከፀሐይ የሚወነጨፈው የቅንጣት ነፋስ አየሯን እየገፈፈ ወሰደው። ማቨን የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይህን መገፈፍ በቦታው ለክታለች።

ቬነስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። የአጥቢያ ኮከብ የምንላት እሷ ናት። በስፋትም በክብደትም የምድር እኩያ ልትባል ትችላለች። አየሯ ግን የእኛን 92 እጥፍ ይጫናል፣ 96 በመቶውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ገጿ ላይ 464 ዲግሪ ነው። እርሳስ ይቀልጣል። ሜርኩሪ ለፀሐይ የበለጠ ትቀርባለች፤ ቀን ላይ 430 ደርሳ ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ትወርዳለች፣ ሙቀቱን የሚይዝላት አየር ስለሌለ። ቬነስ ላይ ቀንና ሌሊት ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የቬነስ ነጭ ዳመና ከሚደርሳት ብርሃን ሦስት አራተኛውን ያህል መልሶ ይረጨዋል። ከፀሐይ የምትቀበለው ሙቀት ምድር ከምትቀበለው ያነሰ ነው። የቀቀላት የፀሐይ ቅርበት ሳይሆን አየሯ የገባውን ሙቀት አላስወጣም ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ያረፈችው የሶቪየት መንኮራኩር ቬኔራ 13 ለ127 ደቂቃ መረጃ ልካ ዝም አለች። ያን ያህል መቆየቷ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር።

የቀረን መሽከርከርና መዝመም ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ሰው ምድር በዛቢያዋ ስትሽከረከር በሰዓት 1,640 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጁፒተር ያን ሁሉ ግዝፈት ይዞ ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንዴ ይሽከረከራል። ስለዚህ ወገቡ ላይ አብጧል። ሳተርንማ ይብሳል፤ ወገቡ ላይ 120,500፣ ከዋልታ እስከ ዋልታ 108,700 ኪሎ ሜትር ነው። በደህና ቴሌስኮፕ ጠፍጠፍ ማለቱ በዓይን ይታያል። ቬነስ ደግሞ ቀርፋፋ ናት። በተቃራኒ አቅጣጫ አንዴ ለመሽከርከር 243 ቀን ይፈጅባታል። ዓመቷ 225 ቀን ነው። ፀሐይዋ የምትወጣው በምዕራብ ነው።

የምድር ዛቢያ 23.4 ዲግሪ ዘሟል። በዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በደሴ አናት ቀጥታ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። የነሐሴውን ዳመና ይሸፍነዋል፤ የሚያዝያውን ግን ልጆች ደጅ አውጥታችሁ ብታሳዩአቸው እመክራለሁ። ማርስ 25 ዲግሪ ስለዘመመች የእኛን የመሰሉ ወቅቶች አሏት፣ ርዝመታቸው ግን እጥፍ ገደማ ነው። ጁፒተር 3 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ወቅት የሚባል ነገር አያውቅም። ዩራነስ ደግሞ በጎኑ ተኝቷል፣ 98 ዲግሪ። ፀሐይን ለመዞር 84 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዋልታዎቹ በየተራ 42 ዓመት ብርሃን፣ 42 ዓመት ጨለማ ያያሉ። ማን ገፍቶ እንዳጋደመው ብዙዎች የሚያስቡት አንድ ትልቅ አካል ጥንት እንደተላተመው ነው።

ስለ ዩራነስና ኔፕቱን ከቅርብ ሆኖ የተለካ መረጃ ያመጣችልን አንዲት መንኮራኩር ብቻ ናት። ቮዬጀር 2 እ.ኤ.አ. በ1986 በዩራነስ፣ በ1989 በኔፕቱን አጠገብ አልፋለች። ኔፕቱን ላይ በሰዓት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ነፋስ አገኘች። ከፀሐይ የሚደርሰው ብርሃን እኛ ከምናገኘው 900 ጊዜ ያነሰ ነው። ያን ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው አብዛኛው ጉልበት ከራሱ ከውስጡ የሚወጣ ሙቀት ነው፤ ኔፕቱን ከፀሐይ ከሚቀበለው ከሁለት እጥፍ በላይ ወደ ውጭ ይለቃል። ከቮዬጀር በኋላ ወደዚያ የሄደ የለም።